ሁሉም ወደ ሞተሩ ሲሮጥ የጎኑን በር ማን አየው?

የዲስቶፒያ፣ ማለትም ስለ ጨቋኝ የወደፊት ዓለም የሚተርኩ፣ አክሽን ፊልሞችን እወዳለሁ፤ የሚያናድዱኝም ስለምወዳቸው ነው። ገና ከጅምሩ ጀግናው ተመርጦ ያልቃል። ትንቢት ይነገርለታል፣ ሽማግሌ መካሪ ይመደብለታል፣ ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ የሚወደው ወጣት ይሞትበታል። ከዚያ በቁጭት ተነስቶ ጨቋኙን ከመንበሩ ያወርዳል። መንበሩ ራሱ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ቀመር ለመስበር ግን መሸሽ ግድ አይደለም። ደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ስኖውፒርሰር» ቀመሩን አንድም ሳያስቀር ወስዶ ከውስጥ ያፈርሰዋል። (ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል፤ መጨረሻውን እናገራለሁ።) የምድርን ሙቀት ለመቀነስ ወደ ሰማይ የተረጨ ኬሚካል ዓለምን በበረዶ ደፍኗታል። የተረፉት ሰዎች ያለማቋረጥ በሚዞር አንድ ባቡር ውስጥ ይኖራሉ፤ ባለጸጎቹ ከፊት፣ ድሆቹ ከኋላ። ኋለኞቹን የሚመራው ከርቲስ፣ በሽማግሌው ጊሊያም እየተመከረ፣ ፉርጎ በፉርጎ እየተዋጋ ወደ ሞተሩ ይገሰግሳል። ከርቲስን የሚጫወተው ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ ያኔ ሕዝብ በካፒቴን አሜሪካነቱ የሚያውቀው። ተመልካቹ ንጹሕ ጀግና ጠብቆ እንዲገባ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይገኝም።

ውጊያው መሃል ኤድጋር የሚባለው ወጣት ተይዞ አንገቱ ላይ ስለት ተደርጎበታል። የገዢው እንደራሴ ሜሰን ደግሞ በሌላ በኩል ልታመልጥ ነው። ከርቲስ ኤድጋርን ያየዋል፣ ያመነታል፣ ፊቱን ወደ ሜሰን አዙሮ ይሮጣል። ኤድጋር ይገደላል። በሌላ ፊልም ይህ ሞት ለጀግናው በቀል ማቀጣጠያ ብቻ በሆነ ነበር፤ እዚህ ግን የራሱ የጀግናው ውሳኔ ነው። የሞተሩ በር ላይ ሲደርስ ከርቲስ አንድ ነገር ይናዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ምግብ ጠፍቶ ሰው ሰውን ሲበላ፣ እሱም አንዲት እናት ገድሎ ሕፃኗን ሊበላ ተነስቶ ነበር። ጊሊያም የራሱን ክንድ ቆርጦ በምትኩ ሰጠ። ሕፃኑ ኤድጋር ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ክንዳቸውን ሲሰጡ ከርቲስ ሞክሮ አልቻለም። ሁለቱም እጆቹ ሙሉ መሆናቸው ኀፍረቱ ነው። እንዲህ ያለ መሪ ማንም ትንቢት አይነግርለትም።

ከበሩ ወዲያ የባቡሩ ጌታ ዊልፎርድ ተቀምጧል። አመፁን ከጊሊያም ጋር ተመካክሮ ያቀናበረው ራሱ እንደሆነ፣ ዓላማውም የሕዝቡን ቁጥር መቀነስ እንደነበር ይነግረዋል፤ ሞተሩንም እንዲረከበው ይጋብዘዋል። «አመፁም የሥርዓቱ አካል ነው» የሚለው ይህ መታጠፊያ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሁለተኛው «ማትሪክስ»ም አለ። ሁለቱም ፊልሞች እዚህ ቦታ ላይ ይደክማሉ። አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሁሉን ነገር ሲያስረዳ ታሪኩ ይቆማል።

የቦንግ ፊልም የሚድነው በናምጉንግ ነው። የባቡሩን በሮች የሚከፍተው ይህ ኮሪያዊ ሱሰኛ መስሎን ቆይቷል። የሚሰበስበው አደንዛዥ ዕፅ ግን ይፈነዳል፤ ሲያጠራቅም የኖረውም የጎኑን በር ሊያፈርስበት ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ከመኖሩ የተነሳ ሰው ግድግዳ ነው ብሎ የረሳውን፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር። ማስረጃም አለው። ባቡሩ በየዓመቱ በሚያልፍበት ቦታ የወደቀ አውሮፕላን አለ፤ ድሮ ጭራው ብቻ ነበር ከበረዶው ብቅ የሚለው፣ አሁን ክንፉም ይታያል። በረዶው እየቀለጠ ነው ማለት ነው። ሌሎቹ ፊት ለፊት ሲፋጁ መስኮቱን ያየ እሱ ብቻ ነበር። ደራሲዎቻችን የሚያስፈልጋቸው ገጸ ባሕርይ ይኸኛው ነው እላለሁ።

የአሜሪካው አከፋፋይ ሃርቪ ዋይንስታይን ከፊልሙ 20 ደቂቃ ያህል እንዲቆረጥ ወትውቶ ነበር። ከውጊያው በፊት ወታደሮቹ መጥረቢያቸውን ዓሣ ሆድ ውስጥ የሚነክሩበትን ትዕይንትም አልወደደውም። ቦንግ «አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር» ብሎ ዋሽቶ አተረፈው፤ ይህን በኋላ ራሱ ተናግሯል። ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይቆረጥ ለአሜሪካ ተመልካች ቀረበ።

መጨረሻውን ጨካኝ ነው የሚሉ አሉ። ከርቲስ ሞተሩ ሥር እንደ መለዋወጫ የሚሠራውን ሕፃን ለማውጣት ክንዱን በሞተሩ ጥርሶች መሃል ይሰጣል፤ የጎኑን በር የሚያፈርሰው ፍንዳታ የበረዶ ናዳ አስነስቶ ባቡሩን ይገለብጠዋል፤ በሕይወት ሲወጡ የምናያቸው አንዲት ወጣትና አንድ ልጅ ብቻ ናቸው። ዋጋው ከባድ መሆኑን አልክድም። ፊልሙም አይክድም፤ ሌላ ሰው ሞተሩ ላይ አስቀምጦ አሸነፍን ከሚለን ታሪክ ይልቅ ይህን የማምነው ለዚህ ነው።