ማንም የማይሰማውን ሬዲዮ ለምን ቀማችሁት?

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ በቴሌግራም ደረሰኝ። ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ የግልባጩ ዝርዝር ከደብዳቤው ራሱ ይረዝማል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢው ሬዲዮ የሚያዘጋጇቸውን ፕሮግራሞች “ጥራቱን ለማሳደግ ሲባል” አቁሞ ሰዓቱን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሰጥቷል። ስሙን አልጠራም። እዚያ ግቢ ተምሬያለሁ፣ ሁለት ዓመትም በዚያው ሬዲዮ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላሾፍባችሁም።

ደብዳቤው ብቻ ቢሆን ተናድጄ ዝም እል ነበር። ደሜን ያፈላው ልጆቹ ለምን ብለው ሊጠይቁ ሲሄዱ ከአንድ ኃላፊ ያገኙት መልስ ነው። “ሬዲዮ እኮ የሞተ ነገር ነው። ማን ይሰማዋል? ተማሪው ያለው ቲክቶክ ላይ ነው።”

እሺ፣ ሞቷል እንበል። ታዲያ የሞተ ነገር ይቀማል እንዴ? ማንም የማይሰማው ከሆነ ለልጆቹ ብትተዉላቸው ምን ይጎድልባችኋል? የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉስ ሰሚ የሌለውን ሰዓት ምን ሊያደርግበት ነው የፈለገው? ማሰራጫውን ሸጠው ለቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ቢገዙበት ክርክራቸው ቢያንስ እርስ በርሱ ባልተጣላ። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ማሰራጫው አለ፣ አንቴናው አለ፣ ማይኩም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። የወጡት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

ተማሪው ቲክቶክ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ፓኬጁ እስኪያልቅ ድረስ። የወሩ መጨረሻ ላይ ዶርም ገብታችሁ እዩ፣ ስንቱ ነው ከጓደኛው ሆትስፖት የሚለምነው። ሬዲዮ ፓኬጅ አይጠይቅም። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ቁልፍ ስልክ ኤፍ ኤም አለው፣ የማዳመጫው ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆናል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ እኛ ሰፈር ምን እንደሚመስል ደግሞ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የኔን ነገር ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ጉዳይ አጥሩ ነው።

ግቢው በግንብ ታጥሯል፣ ግንቡ ላይ እሾህ ሽቦ ተጠምጥሟል። መሬቱ ትናንት ጤፍና ሽንብራ ይበቅልበት ነበር። ከግንቡ ወዲያ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ አሁንም በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። ዩኒቨርሲቲው ለሰፈሩ ምን ሰጠ ብትሉኝ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጁስ ቤት አስከፈተ እላችኋለሁ፤ ቤት ኪራይም አስወደደ። ሌላው ሁሉ አጥር ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መታወቂያ ይጠይቃል፣ በሩ ላይ ፍተሻ አለ፣ አዳራሹ ውስጥ ስለ “ማኅበረሰብ ተኮር ምርምር” ወርክሾፕ ሲካሄድ ማኅበረሰቡ ውጭ ታክሲ ይጠብቃል። መታወቂያ ሳይጠየቅ ያንን ግንብ ዘሎ የሚወጣ አንድ ነገር ነበር፣ እሱም የልጆቹ ድምፅ ነው። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፤ ከአንቴናው ጫፍ እስከሚታየው ድረስ ይሄዳል። አንድ መቶ ዋት፣ የድሮ አምፖል የሚበላውን ያህል ጉልበት ማለት ነው፣ ከፍ ካለ ቦታ ከለቀቃችሁት ግንብም እሾህ ሽቦም አያቆመውም። ሱቅ ይገባል፣ እንጀራ መጋገሪያ ቤት ይገባል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። አንድ ሐሙስ ማታ ስለ ግቢው ውኃ አወራን። ዶርም ውኃ ከጠፋ ስምንት ቀኑ ነበር። እኛም አጋነንን፣ ተሳሳቅን፣ አንዱ ልጅ በአንድ ሃይላንድ ውኃ ገላውን እንዴት እንደታጠበ ተረከ። በማግስቱ ጠዋት የበሩ ጥበቃ አስጠሩኝ። አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

“የሬዲዮው ልጅ አንተ ነህ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ስምንት ቀን ነው እንዲህ የሚያስለፈልፋችሁ? የኛ ብሎክ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። እሱን ምነው አትናገሩትም?”

ምን እላለሁ? ይግቡና ራስዎ ይንገሩ አልኳቸው። ጥበቃው መታወቂያ ከሌላቸው አይገቡም አሉ፤ እሳቸውም ታዘው ነው። መቅረጫውን አምጥቼ ወጣሁ። እማማ ጀሪካኑን አጋድመው ተቀመጡበት፣ እኔ መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ፣ ከኋላችን ሲኖትራክ እያለፈ ቀረጽኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ከነሲኖትራኩ ድምፅ አስተላለፍነው። ውኃው በኛ ምክንያት መጣ ብዬ አልዋሽም። ዓርብ ጠዋት ግን ቢሮ ተጠራን። “ዩኒቨርሲቲውን የማይመለከት ጉዳይ” አንስታችኋል ተባልን።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ማንም በማይሰማው ሬዲዮ ላይ ነው።

ይህ ዳር ዳሩ ደግሞ ለሬዲዮ እንግዳ አይደለም። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው እዚሁ አቃቂ ነው። በመስከረም 1928፣ ወረራው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም የተናገሩት ከዚያው ነበር፤ የጣሊያን ኩባንያ በሠራው መሣሪያ ስለ ጣሊያን ጦርነት። በስተምዕራብ ደግሞ ጌጃ ጀዌ አለላችሁ። በ1955 ሥራ የጀመረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ፣ ብሥራተ ወንጌል፣ ማሰራጫዎቹን የተከለው እዚያ ነው። በ1969 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ማሰራጫው ያው፣ አንቴናው ያው፣ የሚናገረው ሰው ብቻ ሌላ። ደብዳቤውን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ላጋንን። ፉሪ ተራራ ላይ የቆመውን የማሰራጫ አንቴና ደግሞ ከጀሞ ቀና ብሎ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። አንቴናውን ሁልጊዜ እኛ ጋ ይተክሉታል፣ ማይኩን መሀል ከተማ ይዘውት ይሄዳሉ። አቃቂ ውኃ አጥታ እንደሆነ ከአቃቂ ሰው አፍ የሚሰማበት ማይክ ስንት ነበር? በኔ ዕድሜ አንድ አውቃለሁ። እሱንም አሁን ወሰዳችሁት።

ሬዲዮ እዚህ አገር ተንቆ አያውቅም እኮ። በታኅሣሥ 1953 ግልበጣውን ያደረጉት ሰዎች አልጋ ወራሹን መግለጫ ያስነበቡት በሬዲዮ ነው። ሥልጣን የሚፈልግም ሥልጣኑን የሚፈራም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማይክ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ከዚህ የተለየ ፍጥረት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮም አዲስ ነገር አይደለም። ጅማ በኤፍ ኤም 102.0፣ ሐሮማያ በ91.5፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ99.4 የማኅበረሰብ ሬዲዮ አቋቁመዋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ማኅበረሰብ ማለት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው የሚል አንቀጽ ካለ አሳዩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውጭ አገር ብትሄዱም ነገሩን የጀመሩት ልጆች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ፣ ብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች ከዶርም ዶርም ሽቦ እየጎተቱ ነው ለጓደኞቻቸው ማሰራጨት የጀመሩት። ሉብሊያና ውስጥ የተማሪዎች ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፈተ። ያኔ አገሩ ዩጎዝላቪያ ነው፣ ፓርቲው አንድ ነው፣ መሪው ቲቶ ናቸው። ቲቶ የቻሉትን አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር መቻል አቃተው!

“ጥራት” ለሚለው ብዙ ወረቀት አላጠፋም። ስቱዲዮአችን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ናት። ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበታል፣ ማይኩ ትንፋሻችንን እንዳይቀዳ ንጹሕ ካልሲ አልብሰነዋል (ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ግን አልነበረም)። አዎ፣ እናረፍድ ነበር። አዎ፣ አንድ ጊዜ ተረኛው እንቅልፍ ወስዶት አርባ ደቂቃ ሙሉ ጸጥታ አሰራጭተናል። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ የልደት መልካም ምኞት ለአንዲት ልጅ በሦስት የተለያየ ስም ሆኖ ልኳል። ይህን አልክድም። ግን ሰው ስህተቱን አርባ ብር እንኳ በማይከፈልበት ቦታ ላይ ሠርቶ ካልጨረሰ የት ሊሠራው ነው? ዋናው ጣቢያ ላይ? ዛሬ ዋናው ጣቢያ ላይ የምንሰማው ነገር የጥራት ናሙና ከሆነማ ካልሲያችንን መልሱልን።

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ ያው ጥበቃ በሩ ላይ ነበሩ። ሸምግለዋል። ካፖርታቸውን ደርበው፣ አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ተባባልን።

“ልጆቹን ምን ነካቸው?” አሉኝ። “ሁለት ሐሙስ ቀሩ እኮ።”

መልስ ሳልሰጥ ሁለተኛውን ማዳመጫ አቀበሉኝ። አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ ልምድ ልውውጥ ጉብኝት እያነበበ ነው። ልዑካኑ ደርሰዋል፣ አቀባበል ተደርጎላቸዋል፣ ገለጻ ተሰጥቷቸዋል።

“ትናንትም እሱን ነው ያነበበው” አሉኝ ጋሼ፣ ማዳመጫውን መልሰው እየጠቀለሉ።