ቢል ክፍል ይኑርልን

ዶክተሮችን የሚያመሰግን ሞልቷል። የነርሶችም ቀን አለ። እኔ ዛሬ የማመሰግነው ኮምፒውተሩ ላይ ያቀረቀረውን፣ በሽተኛውን ሳያይ በሽታውን የሚያውቀውን፣ የሆስፒታሉን ሂሳብ የሚሠራውን የቢል ክፍል ሠራተኛ ነው።

የአሜሪካኖቹን እንይ፤ በዚህ ሙያ የሚደርስባቸው የለም። ድሮ ሆስፒታል የሚከፈለው በሠራው ልክ ነበር። መርፌው ለብቻ፣ ፋሻው ለብቻ፣ አልጋው በቀን። ያኔ በሽተኛው ቶሎ አይሻለውም ነበር። ምን አስቸኮለው?

እ.ኤ.አ. በ1983 ታዲያ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ቁርጥ ሂሳብ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ የምከፍለው እንደ ሕመሙ ዓይነት ነው፣ ስንት ቀን ተኛ አያገባኝም አለ። ጉድ እኮ ነው! ሰው ቶሎ ቶሎ ይሻለው ጀመር። ደግሞ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ክፍያው ከፍ ስለሚል፣ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበት ሰው ብርቅ ሆነ። (መሃል ላይ የሚያጭበረብርም አለ። የእኔ ምስጋና ግን ደንቡን አክብሮ ለሚሠራው ነው፤ የሚደንቀውም እሱ ነው።)

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ካስወጣቸው ሰዎች ከሚጠበቀው በላይ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙበት ሆስፒታል ይቀጣ ጀመር። ቢል ክፍል ግን ከድሮም አንድ ቃል ነበረችው፦ «ክትትል»። ለክትትል የገባ ሰው አልጋ ይሰጠዋል፣ ጉሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ምሳም ይቀርብለታል። በወረቀት ግን ተመላላሽ ታካሚ ነው፤ ተመልሶ ተኛ አይባልም። ሦስት ሌሊት የተኛ ተመላላሽ! እንዲህ ያለ አማርኛ እኛም አልቻልንበት። ሰውየው ነገሩ የሚገባው ወደ ማገገሚያ ሲሄድ ነው። ሜዲኬር ለማገገሚያው የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን ተኝቶ ለታከመ ነዋ። እሱ ደግሞ አልተኛም።

በ2015 ለየሕመሙና ለየጉዳቱ ቢል ላይ የሚጻፉት የምርመራ ኮዶች ከ14 ሺህ ገደማ ወደ 70 ሺህ ሲጠጉ ሌላው ተንጫጫ። ቢል ክፍል ምንም አልመሰላት። ዳክዬ የነከሰችው አንድ ኮድ፣ ዳክዬ የመታችው ሌላ ኮድ። እሰይ፣ ዳክዬም ሥርዓት ያዘች።

አሁን ደግሞ ፋሽኑ በነፍስ ወከፍ መክፈል ነው። ሰውየው በወረቀት ላይ ሕመሙ በበዛ ቁጥር በስሙ የሚገባው ገንዘብ ይጨምራል። ግን አንዲት ደንብ አለች፦ ሕመሙ በየዓመቱ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ይድናል። ስኳሩም፣ ልቡም። የተቆረጠ እግርም ጭምር። ቀልድ አይደለም፤ የእግር መቆረጥም በየዓመቱ ከሚታደሱት አንዱ ነው።

ስለዚህ በጃንዋሪ ለሽማግሌው ይደወላል። «አባባ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ይምጡ።» አባባ በዊልቸር ይመጣሉ። ዶክተሩ ደም ግፊታቸውን ይለካል፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃል፣ ሳቅ ብሎ ይሸኛቸዋል። ስለ ተቆረጠው እግራቸው አይጽፍም። ምን ብሎ ይጽፋል?

በማግስቱ ከቢል ክፍል መልእክት ይደርሰዋል። «ዶክተር፣ የእኚህ ታካሚ የግራ እግር በዚህ ዓመት አልተጠቀሰም። አሁን ያለበትን ሁኔታ ቢገልጹልን?»

ዶክተሩ ትንሽ ያስባል። «እንደ አምናው ነው» ብሎ ይመልሳል።

«እናመሰግናለን ዶክተር። አምና እንዴት እንደነበረ ቢጽፉልን?»