ወረቀቷን እንኳን አላነበብንላትም

ወገኖቼ፣ የ2012 ክረምት አለፈ፣ ለኮሮና የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አበቃ። እኔ ግን ሐምሌ ላይ ሰፈራችን ውስጥ የሆነውን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ሲጥሏቸው በቪዲዮ አይተን አልቅሰናል። ረግመናቸዋልም። የሰፈራችን ልጅ ከተጣሉት አንዷ ነበረች። አገሯ ገብታ ለይቶ ማቆያ ውስጥ 14 ቀን ተቀመጠች፣ ተመረመረች፣ ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን ይዛ እናቷ በር ላይ ስትደርስ ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። "ኮሮና ይዛብን መጣች!" አከራዩ ደግሞ እናትየዋን "ልጅሽን የምታስገቢ ከሆነ ቤቴን ልቀቂልኝ" አሏት፤ ያውም አዋጁ ተከራይ ማስወጣትን ከልክሎ ሳለ። ልጅቷ ወረቀቱን ዘርግታ ብታሳይም ቀርቦ ያነበበላት የለም። እናት ልጇን ሳታቅፍ ምግብ በፌስታል አቀበለቻት፣ እሷም በዚያ ዝናብ ሻንጣዋን እየጎተተች ሄደች። ወዴት እንደሄደች እንኳን የጠየቀ አልነበረም።

የሊባኖስን እመቤቶች በምን አፋችን ነው የረገምነው?

በሽታውን ፈርተን ነው እንዳንል፣ በዚያው ሳምንት እዚያው ግቢ ክርስትና ተደግሶ ተጋፍተን በልተናል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ማስካችን አገጫችን ላይ ነው የዋለው፣ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ወደ አፍንጫ ይወጣል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ጃፓናዊ ነው ሲባልም እንዲሁ ነበርን፤ መንገድ ላይ ያገኘነውን የውጭ ሰው "ኮሮና" እያልን ጮኸንበት። የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ግን ወዲያው ደረቀ። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ሕጉን ሁሌም አቅም የሌለው ሰው ላይ ነው የምናጠብቀው።

ከዚያ በ2013 መንገደኛ ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የኮሮና ምርመራ ውጤት ይዞ በቦሌ ይገባ ነበር። መግባቱስ ጥሩ፣ ሆቴሉም አስጎብኚውም ሥራ ፈትቶ ከርሞ ነበር። ግን የቱሪስቱም ወረቀት ነው፣ የሷም ወረቀት ነበር። የሱን በፈገግታ ተቀብለን የሷን ማንበብ ያስጠላን ዶላር ስላልያዘች ነው? እናፍራ እንጂ!

ከሳዑዲ ገና የሚመለሱ ብዙ አሉ። እባካችሁ፣ ማስካችሁን በደንብ አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁም ቁሙ፣ ግን በሩን ክፈቱላቸው። እድሮችም በስብሰባችሁ ተነጋገሩበት። እኔ ለእኛ እድር ዳኛ ነግሬያቸው "እናነሳዋለን" ብለውኛል። ሁለት ስብሰባ አለፈ፣ አልተነሳም። ለሚቀጥለው ደግሜ እነግራቸዋለሁ።