ጋራዡ ይበቃናል

የዛሬው ምስጋናዬ የአፕልን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ለምንተርክ ሁሉ ይድረስ። «ስቲቭ ጆብስ ኮሌጅ አቋርጦ፣ ጋራዥ ገብቶ፣ ኮምፒውተር ሠራ።» አለቀ። እንዴት ያለ ቁጠባ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ስም ሲዘረዝር ይመሽበት ነበር።

ኮምፒውተሩን የሠራውማ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። አፕል 1ን የነደፈው ሂውሌት ፓካርድ የሚባል ኩባንያ ተቀጥሮ እየሠራ ነው። ለመነሻ ገንዘብ ሲያጥር ካልኩሌተሩን ሸጧል። ግን ይሄ ለወሬ አይመችም። ቋሚ ደመወዝ ያለው መሐንዲስ ማንን ያነቃቃል? አነቃቂ ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቶ «ሥራችሁን ሳትለቁ ማታ ማታ ሞክሩ» ቢል ማን ያጨበጭብለታል? ዎዝኒያክ ራሱ ጋራዡ ውስጥ ምንም አልነደፍንም፣ ነገሩ ተረት ቢጤ ነው ብሎ ሊያርመን ሞክሮ ነበር። ሰምተን እንዳልሰማ አለፍነው። እዚያ ስለነበረ ብቻ ከኛ በላይ ያውቃል እንዴ?

ሮናልድ ዌይንም አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1976 የአፕል ውል ሲፈረም መሥራቾቹ ሦስት ነበሩ። ውሉን የጻፈው እሱ ነው። የመጀመሪያውን አርማ የሳለውም እሱ ነው፤ ኒውተን ፖም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ። ድርሻው 10 በመቶ ነበር። ከዚያ አሰበ። ሁለቱ ልጆች ቤሳ ቤስቲን የላቸውም፤ ዕዳ ቢመጣ የሚያዘው የሱ ንብረት ነው። በ12ኛው ቀን በ800 ዶላር ወጣ። እሱን እንኳን አልረሳነውም። የምናነሳው ለመሳቅ ብቻ ነው እንጂ።

ማይክ ማርኩላን ግን ጨርሶ መተዋችን ያስመሰግነናል። ከኢንቴል በአክሲዮን ሀብታም ሆኖ በወጣትነቱ ጡረታ የወጣ ሰው 250,000 ዶላር ይዞ ከመጣ ጋራዡ ምኑን ጋራዥ ሆነ?

አሁን ወደ ወንበሩ። የአፕል የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማን ነበር? «ጆብስ!» ጎሽ። ማይክል ስኮት የሚባል ሰው 1977 ላይ ተሹሟል፣ ግን ምን አገባን። ከሱ በኋላ ማርኩላ፣ ስከሊ፣ ስፒንድለር፣ አሚሊዮ ተፈራርቀዋል። ጆብስ ወንበሩን የያዘው 1997 ላይ ነው፤ ለዚያውም «ጊዜያዊ» ተብሎ። በመሀል ያለፉት 20 ዓመታት ለኛ ማስታወቂያ ናቸው፤ ቶሎ እናሳልፋቸዋለን።

ከአምስቱ ቦታ የሰጠነው ለጆን ስከሊ ብቻ ነው፤ ተረት ያለ ክፉ ሰው አይጥምማ። «ጆብስን ከገዛ ድርጅቱ ያባረረው!» እንላለን። ከፔፕሲ ለምኖ ያመጣው ራሱ ጆብስ መሆኑን ግን በጨዋነት እንዘለዋለን። የጊል አሚሊዮ ዕጣማ የባሰ ነው። ኔክስት የሚባለውን የጆብስን ኩባንያ አፕል እንዲገዛ አድርጎ፣ ሰውየውን በዚያው በር ያስገባው እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ራሱ በዚያው በር ወጣ። ስሙንስ ማን ያውቃል?

ከሁሉ የሚያስቀናኝ ግን የባጁ ነገር ነው። ስኮት ለሠራተኞች ቁጥር ሲያድል 1ን ለዎዝኒያክ፣ 2ን ለጆብስ ሰጠ። ጆብስ ከፋው። አንድማ ተይዟል፤ ታዲያ ከአንድ በፊት ያለውን ዜሮን ጠየቀ። ባጁም ዜሮ ሆነለት። እኛ ደግሞ ዜሮውን ለሌሎቹ በሙሉ አዳረስነው። አልበገር ያለው ደመወዙን የሚያስተናግደው ባንክ ብቻ ነው። የደመወዝ ሥርዓቱ ዜሮን አልቀበልም ስላለ፣ ደመወዝ መዝገብ ላይ ጆብስ 2 ቁጥር ሆኖ ቀረ።