እርማት፦ ኮድ ስላጠረ ቀለለ ማለት አይደለም

«40 መስመር የነበረውን ፈንክሽን 6 አድርጌዋለሁ፤ ውስብስብነቱ ቀነሰ» ላልከው ወንድሜ፦ የቀነሰው የፈንክሽኑ፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ቁራጭ፣ ርዝመት ነው። ስህተቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ እኛም ደብረ ብርሃን ላይ መስመር እየቆጠርን ስንፎክር ከርመናል።

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና የሚያወርደው አስፋልት ረጅም ነው፤ ግን እንግዳ እንኳ አይጠፋበትም። መንዝ ውስጥ በየአጥሩ ጥግ የሚገነጠል አጭር የእግር መንገድ ነው ሰው የሚያስጠፋው። ቶማስ ማኬብ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የኮድ ውስብስብነት መለኪያም የሚቆጥረው መገንጠያውን ነው፦ በፈንክሽኑ ውስጥ ያሉ ውሳኔዎች፣ ሲደመር 1። ያንተ ኮድ 4 «ኢፍ» (if፦ «እንዲህ ከሆነ» የሚል ውሳኔ) እና ሁኔታዎችን የሚያጣምሩ 3 «ኤንድ» (and) ወይም «ኦር» (or) አለው፤ ስለዚህ 8። በ40 መስመርም 8 ነበር፣ በ6 መስመርም ያው 8 ነው። ማኬብ ጣሪያ ይሁን ያለው 10ን ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ራሱ አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው አንዱ ኢፍ በሌላው ሆድ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይሄን ደግሞ የማኬብ ቁጥር አያየውም። ተከታትለው የቆሙ 3 ኢፎችም፣ የተደራረቡ 3 ኢፎችም እሱ ዘንድ 4 ናቸው። ሶናርሶርስ የተባለው የኮድ መመርመሪያ ሠሪ ኩባንያ ያወጣው «ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ» የተሰኘ መለኪያ ግን ተከታትለው የቆሙትን 3፣ የተደራረቡትን 1+2+3 ብሎ 6 ይላቸዋል። ለአንባቢ ዓይን የሚቀርበው ይሄኛው ነው።

እና ምን ታድርግ? የማይሆነውን ጉዳይ መጀመሪያ ላይ በ«ሪተርን» (ከፈንክሽኑ በሚያስወጣው ትእዛዝ) አሰናብተው፤ ረጅሙን ቅድመ ሁኔታ ትርጉሙን የሚናገር ስም ባለው ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ) ውስጥ አስቀምጠው። ኮዱ 15 መስመር ይሆንብሃል፤ ይሁን።