የሚቆለፈው ሐዋሳ ይቅር

እንግሊዝ አገር የኪስ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ስለቱን ከማየቱ በፊት ሕጉን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ በአንቀጽ 139 ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ስለት ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ምክንያት ሳይጠየቅበት የሚያዘው ታጣፊ የኪስ ሰንጢ ብቻ ነው፤ እሱም ስለቱ ከ3 ኢንች፣ በእኛ መለኪያ ከ7.62 ሳንቲ ሜትር፣ መብለጥ የለበትም። ፍርድ ቤት ደግሞ ሲዘረጋ የሚቆለፍ ሰንጢ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው ብሎ ወስኗል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መቆለፊያ የተፈጠረው ስለቱ ድንገት ታጥፎ የባለቤቱን ጣት እንዳይቆርጥ ነው። ለጣት የሚያዝነው ተከልክሎ፣ ጣት ላይ ሊታጠፍ የሚችለው ተፈቀደ። ሕጉ የተጨነቀው ለባለ ሰንጢው ጣት ሳይሆን ለሌላው ሰው ሆድ ነው። ለንደን ውስጥ በስለት ስለሚወጉ ልጆች በየጊዜው የሚነገረውን ዜና ለሚሰማ ሰው ጭንቀቱ ይገባዋል።

በዚህ ክረምት ወደ ሐዋሳ ስመጣ ሁለቱንም ዓይነት ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። አንዱ የፈረንሳዮቹ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ የሚቆለፈው። ሌላው የስዊሶቹ ቪክቶሪኖክስ ነው፤ ስፓርታን የሚሉት ቀዩ፣ የማይቆለፈው። ሁለቱም የሀብታም ዕቃ አይደሉም። ኦፒኔሉ ለንደን ውስጥ ከ20 ፓውንድ በታች ይገኛል፣ ስፓርታኑ ከሱ ትንሽ ከፍ ይላል። ወደ ብር መንዝሬ ስነግራት ግን አክስቴ «ለቢላ?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ዋጋ መናገር ትቻለሁ።

ፈረንጅ አገር በየቀኑ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ዕቃ ራሱን የቻለ ፍቅር ነው። ሰዓት፣ ትንሽ ባትሪ፣ እስክርቢቶና ሰንጢ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ፎቶ የሚያነሳ ጎልማሳ ሞልቷል። ስለ ብረቱ ዓይነት ሲከራከሩ ብትሰሟቸው ነገ ጫካ የሚገቡ ይመስላችኋል። የሚቆርጡት ግን ካርቶን ነው። እኔም ያው ነኝ፤ በፖስታ የመጣ ዕቃ እከፍትበታለሁ፣ ፖም እልጥበታለሁ፣ በቃ። ስለዚህ የትኛው እንደሚሻል ለንደን ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ካርቶን ሁሉንም ሰንጢ ያሞግሳል።

ኦፒኔል አሠራሩ ያስቀናል። ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል የቀጥቃጭ ልጅ በ1890 ሳቩዋ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር ነው የጀመረው። የእንጨት እጀታ፣ ስለት፣ ማያያዣ ምስማር፣ የማይዞር የብረት አንገትና በላዩ የሚዞር ቀለበት፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ቀለበቱ የተጨመረው በ1955 ነው፤ ስለቱ ሲዘረጋ በጣት ታዞሩትና ይቆለፋል። የቁጥር 8 ስለት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ባይኖር እንኳ በርዝመቱ ብቻ የእንግሊዝ ሕግ ከፈቀደው ልክ ይበልጣል።

የስፓርታን ዘር ደግሞ ከወታደር ቤት ነው። ካርል ኤልስነር በ1884 ስዊስ ውስጥ ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ጀመረ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ አቀረበ፣ በ1897 የመኮንኖቹን ሰንጢ አወጣ። ስፓርታን ከዚያኛው ብዙም አልራቀም። ታጥፎ 91 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቅና ትንሽ ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ ጫፋቸው ላይ ካቻቢቴ፣ የቡሽ መንቀያ፣ ወስፌ፣ ጎኑ ላይ የተሰኩ ወረንጦና ስቴኪኒ አሉት። ስለቱን ዘርግቶ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው።

ፈተናው አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ ሆነ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ያየ ሰው ስለ ስለት ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ቆሮሶውን ያዝ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ቆረጥ፣ በአከርካሪው ላይ ሸርተት፣ ሥጋው ለብቻ፣ አጥንቱ ለብቻ። አጥንቱ መሬት ሳይነካ አባ ኮዳው ይቀበለዋል። (እነዚያ አሞራዎች በትዕግሥት የሚያህላቸው ሰልፍ ለንደን አላየሁም።) ከልጆቹ አንዱን ኦፒኔሉን ሰጥቼ እስከ ረፋዱ እንዲሠራበት ለመንኩት።

«ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ የምን አሻንጉሊት ናት?» አለኝ።

ቀለበቷን ሲያዞር ስለቱ ቀጥ ብሎ ቆመለትና ፊቱ ተለወጠ። ስለቷ ስስ ናት፣ ከአጥንት ሥር ትገባለች፣ እጀታዋ ድቡልቡል ስለሆነ በእርጥብ እጅም መዳፍ ትሞላለች። ቆዳውን ለመግፈፍ ግን አጠረችበት። ሁለተኛው ጣጣ ቆይቶ መጣ። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ ስለቱን አንቆ ይይዛል። አጥፎ አስቀምጧት ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ አልዘረጋ አለችው። ማንም ሳይነግረው የእጀታዋን ቂጥ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገውና ስለቱ ብቅ አለለት። ሳቩዋ ያሉ ገበሬዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ እነሱ ዘዴውን በአገራቸው ስም ይጠሩታል፣ የሐዋሳው ልጅ ስም ሳያወጣለት ተጠቅሞበት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስፓርታኑ እዚያው አፈረ። ጫፉን ወደ ሥጋው ሲገፋ ስለቱ ወደ ጣቱ መታጠፍ ቃጣው፣ ልጁም «ይሄ ከዳተኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የዓሣ ቅርፊት በሞላዎቹ መሃል ገብቶ ማታ በስቴኪኒ ስለቅም አመሸሁ፤ ሽታው ግን እንዳለ ነው። ለንደን በሕግ የተወደደው አሞራ ገደል ላይ የሚያምነው አጣ።

ግን ሐቁ ይነገር ከተባለ፣ ልጁ ራሱ የሚሠራበት ቢላ ከሁለቱም ይበልጣል። ተራ የማድ ቤት ቢላ ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲሳል ሲሳል ከወርዱ ግማሹ አልቋል። እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። እሱን ፎቶ የሚያነሳ ማንም የለም።

ቁርጥ ቤት የሄድነው በማግስቱ ነበር። ጓደኞቼ ፊት ኦፒኔሉን ሳወጣ የሳቁብኝ ሳቅ ልክ ነበር፤ ድግስ የራስን ሰሃን ይዞ እንደ መሄድ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ከሥጋው ጋር ቢላ ይቀርብለታል። ለነገሩ ኦፒኔሉ ጮማውንም ቀዩንም ሸክፎ ጣለው፣ ሳቁም ቀስ በቀስ ወደ «እስቲ አምጣት» ተለወጠ። ግን የሳቃቸው ምክንያት በኪሴ የያዝኩት ዕቃ ሐዋሳ ውስጥ ምን ያህል አላስፈላጊ እንደሆነ አሳየኝ። እዚህ ቢላ የሌለበት ቤት የለም፤ የጎረቤትም በር ቅርብ ነው። አናናስ ሻጩ ልጦ ይሰጣችኋል፣ ሸንኮራ ሻጩ ቆራርጦ ይሰጣችኋል። ለንደን ውስጥ ግን ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤቴን ቢላ አውሺኝ ብላት ፖሊስ ትጠራለች። ሰንጢ በኪስ መያዝ የብቸኛ ሰው ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ እኔ ያመጣሁት ለመያዝ፣ እዚህ ያገለገለው ለመዋስ ሆነ። በመዋስ ደግሞ ያልጠበቅኩት ስፓርታን አሸነፈ። ምክንያቱ ቆርኪ ነው። ለንደን የምጠጣው ወይ ጣሳ ነው ወይ በጣት የሚዞር ክዳን አለው፤ ያ የጠርሙስ መክፈቻ እዚያ ሥራ ፈት ነበር። ሐዋሳ ግን አምቦ ውኃውም፣ ለስላሳውም፣ ቢራውም በጠርሙስ ከነቆርኪው ይመጣል። በእርግጥ ያለ መክፈቻ የቸገረው ሰው የለም፤ በጥርስ፣ በሌላ ጠርሙስ አፍ፣ በጠረጴዛ ጠርዝ የሚከፍት ይበዛል። ቢሆንም ቀይዋ ዕቃ በግቢው ታወቀች። አንድ የባጃጅ ሾፌር መስታወቱን የያዘውን ብሎን በካቻቢቴዋ አጠበቀ። ወይን ከፍቶበት የማያውቀው የቡሽ መንቀያ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የጠበቀ የናይሎን ቋጠሮ ፈታ፤ ጫፉን ሰክቶ መሳብ ነው። ወረንጦው እሾህ የወጋው ሕፃን እግር ላይ ሠራ። ስቴኪኒውን ማን ማን እንደተጠቀመበት ባላውቅ ይሻላል።

ኦፒኔሉን ወስዳ ሎሚና ሽንኩርት የቆረጠችበት አክስቴ ብቻ ናት። የእኔው የካርቦን ብረት ነው፤ ስለት ቶሎ ይይዛል ግን አሲድ ሲነካው ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተተወ ደግሞ ይዝጋል። ወዳጆቹ ፈረንጆች ይህን ጥቁረት እንደ ጌጥ ያዩታል፣ ሆን ብለውም የሚያጠቁሩት አሉ። አክስቴ ቆሽሿል ብላ በአመድ ፈተገችው፤ እንደ አዲስ አብርቶ ጠበቀኝ። እጀታው እንዳያብጥ የተልባ ዘይት መቀባት ይመከራል ስላት ደግሞ በጣም አዘነችልኝ። ተልባ ለጾም ነው እንጂ ለእንጨት!

ሌላው የሐዋሳ ዳኛ ጥበቃው ነው። ባንክ ስትገቡ፣ መሥሪያ ቤት ስትገቡ፣ ትልቅ ሆቴል ስትገቡ ፍተሻ አለ። ስፓርታኑን ያየ ጥበቃ ጠርሙስ መክፈቻውን አውጥቶ አይቶ ፈገግ አለና መሳቢያ ውስጥ አኖረልኝ። ኦፒኔሉን ያየው ግን ከእግር እስከ ራሴ ለካኝ። አልፈርድበትም። እዚህ በኪሱ ሰንጢ ይዞ የሚዞር ሰው ዱርዬ ነው፤ ሽበትና የለንደን ጃኬት አያስጥልም። የሚገርመው በዚህ ነጥብ ላይ ሕግ ያረቀቀው እንግሊዛዊና የባንኩ ጥበቃ መስማማታቸው ነው። ቀይ ፕላስቲክ ያለበት ብዙ ጥርስ ዕቃ ዕቃ ይመስላቸዋል፣ አንድ ስለት ብቻ ያለው መሣሪያ ይመስላቸዋል። የቪክቶሪኖክስ አለቃም ነገሩ ገብቶታል፤ በ2024 ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ እያዘጋጀን ነው ብሎ ነበር፣ ምክንያቱም የአገሮች ሕግ እየጠበቀ መምጣቱ ነው። ሐዋሳ ቢልኩት የሚሸጥ ይመስለኛል፤ ቆርኪ እስከከፈተ ድረስ ስለቱን ማንም አይፈልገውም።

ኦፒኔሉን ለአክስቴ ልጅ ትቼለታለሁ። ወንዶ ገነት በኩል አቮካዶና እንሰት ያለበት ጓሮ አለው፤ ስለት የሚቆለፍለት እጅ የሱ ነው። ስፓርታኑ ከዓሣ ሽታው ጋር ወደ ለንደን ይመለሳል። እዚያ ሆናችሁ ኦፒኔል ካማራችሁ ቁጥር 5ን ግዙ፤ ስለቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቀለበትም የለውም። ለሰው ለማምጣት ከሆነ ግን ቁጥር 8ን፣ ያውም ስለቱ ላይ «ኢኖክስ» የሚል የተጻፈበትን፣ የማይዝገውን ፈልጉ። ከእጅ ቦርሳ አውጥታችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ከቀራችሁ አሞራ ገደል አይደርስም።