ሐር ሰውነት ውስጥ አይጠፋም ያለህ ማነው?

"ሐር የማይሟሟ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይቀራል" ብለሃል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ነገር ነው፣ ግን ልክ አይደለም ወዳጄ። ስሙ የመጣው ከቀዶ ጥገና ክር ነው። እዛ ላይ "የማይሟሟ" የሚባለው ከ60 ቀን በኋላም አብዛኛው ጥንካሬው ያልተነካ ክር ነው እንጂ ጭራሽ የማይጠፋ ማለት አይደለም። ሐር ፕሮቲን ነው፣ ኢንዛይም ቀስ እያለ ይበላዋል።

ደግሞ ክር ሌላ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሐር የሚሠራው ፊልም (ስስ ሽፋን) እና ስፖንጅ ሌላ። ኩኩኑ፣ ማለትም የሐር ትሉ በራሱ ላይ የሚፈትለው ቤት፣ በሶዲየም ካርቦኔት ተቀቅሎ ሙጫው ማለትም ሴሪሲኑ ይወጣል፣ የቀረው ፋይብሮይን፣ ማለትም የክሩ ዋና ፕሮቲን፣ ሊቲየም ብሮማይድ በሚባል ጨው ይሟሟል፣ ጨው ደግሞ በዲያሊሲስ፣ ማለትም ጨውን አሳልፎ ፕሮቲኑን በሚያስቀር ስስ ሽፋን፣ ይወገዳል። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወሰነው እዚህ ነው። ቅቀላው ሲረዝም የፕሮቲኑ ሰንሰለት ይቆራረጣል፣ ዕቃውም ቶሎ ይፈርሳል። የደረቀውን ፊልም ሜታኖል የሚባለውን አልኮል ካስነካኸው ቤታ ሺት የሚባለው ክሪስታል ይበዛና ይከርማል፤ ምንም ካላደረግከው ግን ውሃ ሲነካው ሊሟሟ ይችላል። ያው አንድ ሐር ነው እኮ!

ሙከራው ላይም ሰው ይሸወዳል። ናሙናውን ጨዋማ መፍትሔ ውስጥ ብቻ ዘፍዝፈህ ብትመዝነው ክብደቱ እምብዛም አይቀንስም፣ "ይኸው አይፈርስም" ትላለህ። 37 ዲግሪ ላይ ፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምርበት፣ መፍትሔውን በየጊዜው ቀይር፣ አድርቀህ መዝን፤ ኢንዛይም የሌለበትን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን አስቀምጥ።